ኩሬውን የሚያየው መስኮት

ጥቅምት 4

ለተከበሩ እትዬ መርፌ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያቺ ሳያንጎራጉሩላት አልሰፋም የምትለው የስፌት መኪናዎስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። መልሴ የዘገየው ረስቼዎት አይደለም፤ እየጀመርኩ ስቀድ ነው። ስልክ አልወድም በማለትዎ ሰው ሁሉ ይስቅብዎታል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። በስልክ ቢሆን ኖሮ መንተባተቤን ሁሉ ይሰሙት ነበር።

የት ገቡ ብለው የጠየቁኝን ልመልስ። አብረን የሠራንበት ሆቴል ሲዘጋ የቀረኝ ፀሐይ መሞቅ ነው ብዬ ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን አፈር ሲነካ የኖረ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ መቀመጥ አይሆንለትም። የዚህ ከተማ ማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። መናፈሻ መስሎኝ ነበር። ወስደው ያሳዩኝ ምን መሰለዎት? የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ኩሬ!

አይሳቁ። ከየቤቱ፣ ከየመጸዳጃውና ከየኩሽናው የሚወጣው ውሃ በቱቦ እዚህ ይመጣል። ዝቃጩ መጀመሪያ በአንድ ጉድጓድ ይቀራል፤ ቀሪው ውሃ ሦስት ኩሬዎችን ቀስ እያለ ያልፋል። ኩሬዎቹ ላይ የሚንሳፈፈው እምቦጭ ነው። አዎ፣ ያ ሐይቅ አጠፋ፣ ዓሣ አስጨረሰ እየተባለ የሚሰደበው እምቦጭ። እዚህ ግን እንደ እኔ ተቀጥሮ ይሠራል። ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ውሃው ውስጥ ተንዠርጎ ቆሻሻውን ይይዛል፣ የሚበላውንም ይበላል፤ በመጨረሻ የሚወጣው ውሃ ወንዝ ለመግባት የማያሳፍር ይሆናል። እምቦጩ ራሱ እንዳያመልጥ መውጫው ላይ ድርብ መረብ አለ። የጣቢያው ኃላፊ ወጣት ኢንጂነር ናት፤ በየጠዋቱ መረቡን ሳታይ ሻይ አትቀምስም። "ጋሼ፣ አንዲት ቅጠል ወንዝ ከገባች እኔና እርስዎ አገር ጥለን ነው የምንጠፋው" ትለኛለች።

ጋሽ ቅጠሉ የሚለው ስም እዚህም ተከትሎኝ መጥቷል። የምኖረው ግቢው ውስጥ በተሰጠኝ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ጥሩ ወለል፣ ኩሬውን የሚያይ አንድ ሰፊ መስኮት። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ጋዜጣ ለጥፌበታለሁ። ለእንዲህ ያለ መስኮት ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻላል? የምጠይቀው ምክር ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣
ጋሽ ቅጠሉ


ጥቅምት 29

ለጋሽ ቅጠሉ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከእኔ ጋር ታርቋል፣ ደረጃ ካላየ። አይሳቁ ብለውኝ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስቄያለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሲባል ነበር የማውቀው፤ እናንተ ደግሞ ውሃው እንዲጠራ እምቦጭ ትዘሩበታላችሁ።

ስለ ኩሬው ነገሩኝ፣ ስለ መረቡ ነገሩኝ፣ ስለ ኢንጂነሯ ሻይ ሳይቀር ነገሩኝ። ስለ ሽታው ግን ትንፍሽ አላሉም። ሰው የሚዘለው የፈራውን ነው። ይሸታል ወይስ አይሸትም?

ሆቴሉ የተዘጋ ዕለት ስንሰነባበት ስለ ቁም ሳጥኑ የጠየቁኝን አልረሳሁም። የሟች ባለቤቴ ኮቶች አሁንም እንደተሰቀሉ ናቸው። ልጄ "ለሚለብሰው ስጪው እማዬ" ስትለኝ እሺ እላታለሁ፤ ከዚያ አወጣቸውና አቧራቸውን አራግፌ፣ የላላ ቁልፍ ካለ አጥብቄ መልሼ እሰቅላቸዋለሁ። ቁም ሳጥኑ እንደ ድሮው ሙሉ ነው። የእኔ ቀሚሶች ወንበር ላይ ናቸው። እሱን እንተወው።

ጋዜጣውን ዛሬውኑ ያንሱ፤ ያሳፍራል። የመስኮቱን ቁመትና ወርድ ለክተው ይላኩልኝ፤ በሜትር፣ በስንዝር አይደለም። የሆቴሉን የምግብ አዳራሽ በስንዝር ለክተው የሰጡኝ ጊዜ መጋረጃው ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ጉርድ ቀሚስ ሆኖ እንደቀረ መቼም አይረሱትም።

እትዬ መርፌ


ኅዳር 20

ለእትዬ መርፌ፣

ከኢንጂነሯ ሜትር ተውሼ ለክቻለሁ፤ ወርዱ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከስልሳ። ጋዜጣውን አንስቻለሁ። አሁን ስነቃ ኩሬው ቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ከአልጋዬ ሳልነሳ ሥራ እገባለሁ ማለት ነው።

ስለ ሽታው፦ ከመግቢያው ጉድጓድ አጠገብ ይሸታል፤ አልዋሽም። ወደ ኩሬዎቹ ሲጠጉ የሚሸተው እንደ እርጥብ ሣር ነው። የኔ ቤት በሦስተኛው ኩሬ በኩል ስለሆነ መስኮቴን ከፍቼ እተኛለሁ። ኢንጂነሯ ከመግቢያው አንድ ብርጭቆ፣ ከመውጫው አንድ ብርጭቆ ቀድታ ለጎብኚ ታሳያለች። የመጀመሪያውን አይቶ ፊቱን ያላዞረ ሰው የለም። ሁለተኛውን ሲያዩ ደግሞ አንዳንዱ ሊጠጣው እጁን ይዘረጋል፤ "ኧረ እሱን ለወንዙ ይተዉለት" እያለች ትነጥቃለች።

ከእሷ ጋር የማንስማማው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እምቦጩ በየሳምንቱ መቀነስ አለበት። ሩብ ያህሉን በመንሽ እያወጣን ለብስባሽ እንከምረዋለን፤ ብስባሹ ወደ ከተማው የዛፍ ችግኝ ጣቢያ ይሄዳል፤ የቀረው እንደገና ይበዛል። "ሁሉንም አናወጣም፣ ሁሉንም አንተውም" ነው ሕጓ። ይገባኛል። ግን ሙሉ ዕድሜዬን አሳድግ ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጤነኛ፣ አረንጓዴ፣ ምንም ያላጠፋ ተክል ነቅሎ መጣል እጄን ያመኛል። ሠራተኞቹ ይስቁብኛል። "ጋሽ ቅጠሉ መንሽ ሲይዝ ለቅሶ የመጣ ይመስላል" ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለተኛው ክፍል ባዶ ነው። ብርሃን አለው፤ የስፌት መኪና ቢቀመጥበት ጥላ አይወድቅበትም፣ ለክቼዋለሁ። እርስዎም ለብቻዎ ሻይ ይጠጣሉ፣ እኔም ለብቻዬ እጠጣለሁ፤ ምክንያቱ አይታየኝም። አብረን እንኑር ነው የምለው። ሆቴሉ ጨርቅ ሲያመጣልዎ ፊቱን ሳያዩ ገልብጠው ጀርባውን ሲመረምሩ፣ ነጋዴው ላቡ ሲንቆረቆር፣ እኔ በጽጌረዳው መካከል ሆኜ አይዎት ነበር። እኔንም እንደዚያ እንደሚመረምሩኝ አውቃለሁ። ይምጡና ይዩ። በጥርና በየካቲት እምቦጩ ያብባል ይላሉ፤ ሐምራዊ ነው።

አክባሪዎ፣
ጋሽ ቅጠሉ


ታኅሣሥ 15

ለጋሽ ቅጠሉ፣

ጥያቄዎን አነበብኩት። ለልጄ አላሳየኋትም፤ እሷ ግን አንብባዋለች። "እማዬ፣ ከቆሻሻ ውሃ ዳር ልትኖሪ?" አለችኝ። "የአንቺም ውሃ የሆነ ቦታ እኮ ነው የሚሄደው፤ ቢያንስ እዚያ የሚንከባከበው ሰው አለ" አልኳት። መልስ ሰጠሁ ብለው ግን እንዳይደሰቱ፤ እሷን ዝም ለማሰኘት ነው።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፌት እስከ ጥር መጨረሻ ይዞኛል። በየካቲት መጨረሻ መጥቼ አያለሁ። አያለሁ ነው ያልኩት፤ እሺ አላልኩም። በዚህ ዕድሜ ቤት መቀየር ቀሚስ እንደማስረዘም አይደለም፤ ፈትተው ሲሰፉት የቀድሞው ቀዳዳ ይታያል። እፈራለሁ፤ እቅጩ ይኸው ነው።

አበባው እስከዚያ ይጠብቀኛል?

እትዬ መርፌ


ጥር 12

ለእትዬ መርፌ፣

ይጠብቅዎታል! ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በመስኮቱ በኩል እያየሁት ነው። ሦስተኛው ኩሬ እንዳለ አብቧል። ሐምራዊ ብዬዎት ነበር፤ ዋሽቻለሁ፣ ከሐምራዊም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የአበባው የላይኛዋ ቅጠል መሐል ላይ ቢጫ ነጥብ አለባት። ሆቴሉ ውስጥ በዚያ ሁሉ ማዳበሪያና በዚያ ሁሉ ልመና እንዲህ ያለ አበባ አውጥቼ አላውቅም። የጎረቤት ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ። ሙሽሮች ፎቶ እንነሳ ብለው ዘበኛውን ለምነው ነበር፤ ውሃው ምን እንደሆነ ሲነግራቸው ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ሮጠች።

ኢንጂነሯ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ጣቢያውን ለእኔ ነው የተወችው። መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ እንኳ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ፣ በየሳምንቱ ሩቡን፤ እንዳይረሱ" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

አንደኛውንና ሁለተኛውን ኩሬ እንዳለችው አድርጌያለሁ። ሦስተኛውን ግን እርስዎ ሳያዩት መንሽ አላስነካውም። ለሠራተኞቹም "አንዲት ቅጠል የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ" ብያቸዋለሁ። ጥቂት ሳምንት ምን ያመጣል? ሱፌን ለልብስ አጣቢ ሰጥቻለሁ፤ አውቶቡስ ጣቢያ እንደ ሰው ለብሼ ነው የምቀበልዎት።

በናፍቆት፣
ጋሽ ቅጠሉ


የካቲት 9

ለእትዬ መርፌ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? የላኩልኝ የጨርቅ ናሙና ደርሶኛል፤ ቡናማውም ያምራል፣ ክሬሙም ያምራል፤ እርስዎ ይምረጡ።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል እንጂ። ስለዚህ የጉዞዎን ነገር ወደ መጋቢት ብናሸጋግረው ምን ይመስልዎታል? እንግዳን እያስነጠሱ መቀበል ደግ አይደለም። አየሩም አልተስማማኝም።

ስለ ሱፉ ለጠየቁኝ፣ ከአጣቢው መጥቷል፤ ተሰቅሏል።

ጋሽ ቅጠሉ


የካቲት 24

ለጋሽ ቅጠሉ፣

እሺ፣ በመጋቢት ይሁን። እኔ አልቸኩልም።

ጉንፋንዎ ትከሻም ይይዝ ይሆናልና፣ በተለይ የቀኙን፣ ሲመሽ በሞቀ ፎጣ ይያዙት። የጎማ ሱሪ የሚለብስ ሰው ከሥሩ ወፍራም ካልሲ ማድረግ አለበት። ናሙናውን በተመለከተ ክሬሙን መርጫለሁ፤ ጨርቁን ገዝቼ መቁረጥ ጀምሬያለሁ።

ስለ አበባው ባለፈው ደብዳቤዎ ምንም አላሉም። እኔም አልጠይቅም።

እትዬ መርፌ


መጋቢት 10

ለእትዬ መርፌ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ትከሻዬን ማን ነገረዎት? ያውም የቀኙን? ዘበኛውን ጠረጠርኩት፤ በልጆቹ ማለ። ማንም ይሁን ማን፣ ከእንግዲህ መደበቁ ዋጋ የለውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔን እውነት ግን በመንሽ ነው ያወጣሁት።

ጉንፋን አልነበረብኝም። ኩሬውን ገደልኩት።

ከላይ አበባ እያየሁ ስደሰት ከሥር ያረጀው ቅጠል እየበሰበሰ ይሰምጥ ነበር። እምቦጩ ተጠቅጥቆ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። አንድ ጠዋት ስነሳ ቤቱ ውስጥ የሞተ ነገር ያለ መሰለኝ፤ አልጋ ሥር ሁሉ ፈለግኩ። መስኮቱን ስከፍት ገባኝ። ውሃው ጠቁሮ ነበር። ትንኙ ደግሞ እንደ ጭስ ነው የሚነሳው። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው መጡ፤ ቀድመው አበባውን ሲያደንቁ የነበሩት እነዚያው።

ለኢንጂነሯ ደወልኩላት፤ ሥልጠናዋን አቋርጣ መጣች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ኩሬው ዳር ቆማ "ጋሼ፣ እምቦጩ ቆሻሻውን የሚወስድልን እኛ እሱን ስናወጣው ነው። እዚያው ከሞተ የበላውን ሁሉ መልሶ ለውሃው ይሰጠዋል" አለችኝ። ይህንኑ የመጣሁ ሰሞን ነግራኝ ነበር። "ለምን ተዉት?" ስትለኝ ግን ምን ልበላት? "እንግዳ ስለምጠብቅ" አልኳት። ሳትፈልግ ሳቀች፤ ከዚያ እሷም የጎማ ሱሪና ቦቲ አጥልቃ ገባች።

መውጫውን ዘግተን፣ ውሃውን ወደ አንደኛው ኩሬ እየመለስን፣ እስከ ደረታችን ገብተን አወጣነው። የመጀመሪያውን መንሽ እኔው ራሴ ነኝ የጀመርኩት። ትከሻዬ የተጎዳው ያኔ ነው። ወደ ወንዙ ምንም አልገባም፤ መረቡም ይዟል። ውሃው አሁን ጠርቷል፣ ትንኙም ቀንሷል፣ ኢንጂነሯም ብርጭቆዋን ለጎብኚ ማሳየት ጀምራለች። ከሥራዬም አላባረረችኝም። በየሳምንቱ ሩቡን አወጣለሁ፤ ሠራተኞቹም እንደ ድሮው አይስቁብኝም፤ ቶሎ ቶሎ ነው የማወጣው።

አበባ ግን የለም። ግማሹ ኩሬ ባዶ ውሃ ነው፤ ግማሹ ትንንሽ ቅጠል። የማሳይዎት ነገር ስለሌለኝ ነው የዋሸሁት። አፍሬ ነው። ካልመጡም አልቀየምዎትም፤ በጣም አዝናለሁ እንጂ አልቀየምም። የለካሁት ክፍል ግን እንደለካሁት አለ።

ይቅርታ ጠያቂዎ፣
ጋሽ ቅጠሉ


መጋቢት 25

ለጋሽ ቅጠሉ፣

ዘበኛውን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ምስኪን። የነገረኝ የለም። ራሴ ነኝ ያየሁት።

ከእንግዲህ አንተ ልልህ ነው፤ እስከ ደረቱ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያየሁትን ሰው እርስዎ ማለት አልቻልኩም።

ጉንፋን ይዞኛል ያልከኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን አላስችል አለኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ሲታመም ማን ሾርባ ይሠራለታል ብዬ፣ ማርና ሎሚ በዘንቢል ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለልጄ ጨርቅ ልገዛ ነው አልኳት፤ አየህ፣ መዋሸቱ ላይ ብቻህን አይደለህም። ከአውቶቡስ ስወርድ መንገድ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አፍንጫዬ መራኝ።

አጥሩ ጋ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች። "እንዴት ነው እንዲህ የሚሸተው?" አልኳት።

"ኧረ ተዪኝ እህቴ! እዚህ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሚስት ሊያመጣ ነው አሉ። አበባውን ትይልኝ ብሎ አላስነካም ብሎ ይኸውና አገማን።"

"ሚስቱ መጣች?"

"በዚህ ሽታ? እብድ ናት እንዴ!"

ሳቄ መጣ፣ ዕንባዬም መጣ፤ መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ ስላደረግኩ የትኛው እንደሆነ አላወቀችም። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁህ። የጎማ ሱሪህ እስከ ብብትህ ደርሷል፤ ፊትህ ጭቃ ነው። መንሽ ትሰካለህ፣ ታወጣለህ፣ ቀኝ ትከሻህን ይዘህ ትቆማለህ፣ ደግሞ ትሰካለህ። ወጣቷ ሴት "ይረፉ ጋሼ" ትልሃለች፤ አንተ ጭንቅላትህን ትነቀንቃለህ። ሁሉም ለምሳ ሲወጡ አንተ ብቻህን ቀረህ። የአበባ ዘለላ የያዘ እምቦጭ ስታወጣ አየሁህ፤ ትንሽ አየኸው፤ ከዚያ ከሌላው ጋር ጋሪው ላይ ጣልከው። እያመመህ ጣልከው። እኔ ያንን ማድረግ አቅቶኝ ስንት ዓመት ቁልፍ ሳጠብቅ ኖርኩ።

ገብቼ ልጠራህ እግሬን አንስቼ ነበር። ሰው ሲደብቅ ደርሶ ማጋለጥ ነውር ነው ብዬ ተመለስኩ። ማሩን ለልብስ አስጪዋ ሰጠኋት፤ እስካሁን ምን ነክቷት ነው ስትል ትኖራለች።

ጨርቅ ጀርባውን ገልብጬ እንደማይ ጽፈህልኝ ነበር። አበባውን አሳይተኸኝ ቢሆን ኖሮ ፊቱን ብቻ ነበር የማየው፤ ቆንጆ ነው ብዬ ሻይ ጠጥቼ፣ አስቤ እነግርዎታለሁ ብዬ እመለስ ነበር። እኔ ራሴን አውቃለሁ። የተመለከትኩት ግን ጀርባውን ነው፤ ስፌቱ ጥሩ ነው።

ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ኮት ይዤ አረጅ ነበር። ኮቶቹን ለሰፈሩ ዘበኞችና ለተሸካሚዎቹ ሰጠሁ። አንዱ ቁልፉን እየነካ "ይሄ እኮ አዲስ ነው" ሲለኝ ኮራሁ። አንድ ኮት አስቀርቻለሁ፤ ግራጫውን። ኢንጂነሯ ሁሉንም አናወጣም ብላ የለ? አንተም እንደማትከፋ አውቃለሁ። ቀሚሶቼ ከወንበር ተነስተው ተሰቀሉ። ልጄ መጥታ አየችና ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ሻንጣዬን ማውረድ ጀመረች።

በሚመጣው ቅዳሜ እደርሳለሁ። ለማየት አይደለም፤ አይቻለሁ። የስፌት መኪናዬን የማወርዳት እኔ ነኝ ብለህ እንዳትነካት፤ ለትከሻህ ስል ወጣት ቀጥረናል። መጋረጃው አልቋል፤ ገበር አለው፣ ቁመቱም ልኩ ነው፣ ምክንያቱም በስንዝር አልለካኸውም። ለመኝታ ሰዓት ብቻ ነው የሚዘጋው። ቀን ቀን ክፍት ሆኖ ኩሬውን ማየት እፈልጋለሁ፤ አበባ ኖረም አልኖረም። ለእኔ ብለህ ምንም አታቆይ። ቅዳሜ የማውጫ ቀን ከሆነ አውጣ፤ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አውቶቡስ ጣቢያ ያንን ሱፍ ለብሰህ እንዳትመጣ። ሱፍ የለበሰ ሰው እዚያ ብዙ ነው፤ ሌላ ሰው መስለኸኝ እንዳላልፍህ። ቦቲህን አድርገህ ና።

መርፌህ